ሥሩን ከመበጥበጥህ በፊት ዘርህን አስቆጥር

ልጅ ዘግይቶብን ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ግማሽ ሲኒ ቡናማ የሥር ብጥብጥ ጠጥቻለሁ። የምን ሥር እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አንድ የገጠር ዘመዳችን በውሃ ፕላስቲክ ሞልቶ ለእናቴ ላከላት፣ እሷ ደግሞ በነጠላዋ ሸፍና አመጣችልኝ። «ዓይንህን በዓይንህ ያሳይህ» ብላ መርቃ ሰጠችኝ። እንዴት አልጠጣም? ምሬቱ እስከ ምሳ ሰዓት ከምላሴ አይለቅም ነበር። በዘጠነኛው ወር ባለቤቴ እየጎተተች ላብራቶሪ ወሰደችኝ። ችግሩ በግራ ቆለጤ ዙሪያ ያበጠ የደም ሥር ሆኖ ተገኘ። ያበጠ የደም ሥር ደግሞ በሲኒ አይመለስም።

ዕፅ አትንኩ ብዬ ልሰብክ አልመጣሁም። አንዳንዱ ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃ አለው። አንዳንዱ ግን ልጅ ፈልገህ የምትጠጣው፣ ዘርህን የሚያደርቅ ነው። ሁለቱን ሳትለይ፣ ችግርህንም ሳታውቅ ከጀመርክ እንደኔ ስምንት ወር ታቃጥላለህ።

መጀመሪያ ቁጥሩ

ያለ መከላከያ አዘውትራችሁ እየተገናኛችሁ ዓመት ከሞላችሁ ተመርመሩ። ባለቤትህ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ። የእኛ አገር ልማድ ይታወቃል፤ ሴቷ ሦስት ሆስፒታል ዞራ፣ ማህፀኗም ቱቦዋም ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው «እስቲ እሱም ይምጣ» የሚባለው። ለመውለድ ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ወንዱም ድርሻ አለው። የእሱ ምርመራ ደግሞ ከእሷ እጅግ ይቀላል። ብልቃጥ ይሰጡሃል፣ ዘርህን ትሰጣለህ፣ ትሄዳለህ።

ትሰጣለህ ማለት እንኳ ለወሬ ይቀላል። እኔን ነርሷ ስሜን ጮክ ብላ ጠርታ ብልቃጡን አስጨበጠችኝና ኮሪደሩ ጫፍ ያለውን ሽንት ቤት በጣቷ አሳየችኝ። መቆለፊያው አይሠራም። በሩን በአንድ እግሬ ደግፌ፣ ውጭ አንዲት እናት «ሰው አለ ወይ?» እያሉ እያንኳኩ... ያን ቀን አልተሳካም። ስለዚህ ቤትህ ቅርብ ከሆነና ላብራቶሪው ከፈቀደ፣ ብልቃጡን ይዘህ ቤትህ ሂድ።

አሰጣጡ ሕግ አለው። ቀድመህ ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ሳታፈስ ቆይ። ሳሙና፣ ምራቅ፣ ቅባት አትጠቀም። ተራ ኮንዶም ውስጥ ሰጥተህ መገልበጥም አይሆንም፣ ቅባቱ ስፐርሙን ይጎዳዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ከሁሉም በላይ ስፐርም የሚበዛበት ስለሆነ እሱ ከፈሰሰብህ ሳታፍር ተናገር። ብልቃጡን በሸሚዝህ ውስጥ ገላህን አስነክተህ ያዘው፣ እንዳይቀዘቅዝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረስ። የዚያን ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ አትቁም፣ ኮንትራት ያዝ።

ወረቀቱ ሲመጣ አራት ነገር እይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት የታችኛው መስመር እንዲህ ነው፦ የፈሳሹ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ ከመቶ 42ቱ የሚንቀሳቀስ፣ ከመቶ 4ቱ ቅርፁ የተስተካከለ። አዎ፣ አራት። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይደነግጣል። ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ቅርፀ ብልሹ ሆኖም ሰው ይወልዳል። መስመሩ የተሰመረው በአንድ ዓመት ውስጥ ካስረገዙ ወንዶች መካከል ከመጨረሻዎቹ አምስት ከመቶዎቹ ላይ ነው። ከዚያ በታች መሆን መካን ነህ ማለት አይደለም፣ ከላይ መሆንም ዋስትና አይሆንም። ደግሞ በአንድ ወረቀት አትፍረድ። ወር ቆይተህ ድገመው።

ወረቀቱ «ምንም ስፐርም አልታየም» ካለህ ግን የዕፁን ወሬ እዚያው ጣለው። ወይ መውጫው ተዘግቷል፣ ወይ ቆለጡ ማምረት አቁሟል፣ ወይ ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ጠፍቷል። ጎልማሳ ሆነህ ጆሮ ደግፍ ይዞህ ቆለጥህ አብጦ ከነበረ ለሐኪሙ ንገረው። የእኔው ዓይነት፣ ቫሪኮሲል የሚሉት፣ ከሁሉም ወንድ ከመቶ 15 ያህሉ ላይ ይገኛል፣ ለመውለድ ከተቸገሩት ውስጥ ደግሞ ከ35 እስከ 40 ከመቶው ላይ። ቆመህ ስትዳስሰው የተጠቀለለ ክር ይመስላል። ሐኪሙ እስትንፋስህን ይዘህ አምጥ ብሎ በእጁ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ያለህ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። የመንግሥት ነው።

ኃይል ሌላ፣ ዘር ሌላ

ገበያ ላይ «ለወንድ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ስለ መቆም ነው የሚያወራው። አልጋ ላይ አንበሳ ሆኖ ስፐርሙ ዜሮ የሆነ ሰው አለ። አልጋ ላይ የሚቸገር፣ ቁጥሩ ግን መቶ ሚሊዮን የሆነም አለ። ሻጩን «የትኛውን ነው የሚያክመው?» ብለህ ጠይቀው። «ሁሉንም» ካለህ ጨርሰሃል፣ ሂድ።

በተለይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚሠራ «የዕፅ» ዱቄት ወይም ማር ካጋጠመህ ተጠራጠር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በሐምሌ 2022 ማር ነው እያሉ የሚሸጡ አራት ኩባንያዎችን አስጠንቅቋል፤ ሲመረመር ውስጡ የቪያግራ ወይም የሲያሊስ ንጥረ ነገር ተገኝቷል፣ መለያው ላይ አልተጻፈም። የልብ ሕመምተኛ ሆኖ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ያን ቢልስ ደም ግፊቱ አንድ ጊዜ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ዕፅ በግማሽ ሰዓት አይሠራም፣ ወገኔ።

ጂም ለሚያዘወትሩ አንድ ነገር ልበል፣ ከዕፅ ርዕስ ብወጣም። የቴስቶስትሮን መርፌ ጡንቻ ይሰጥህና ስፐርምህን ይዘጋዋል። አንጎል ሆርሞኑ ሞልቷል ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። «ወንድነቴን ላጠናክር» ብሎ ጀምሮ ዜሮ የገባ ብዙ ነው።

ምን ማስረጃ አለ?

አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ ወደ 74 ቀን ይፈጃል፣ ከዚያ በመውጫው መንገድ የሚበስልበት ሁለት ሳምንት ገደማ አለ። በድምሩ ሦስት ወር በለው። ዛሬ የምትሰጠው ዘር ከሦስት ወር በፊት የጀመረ ነው። «በሳምንቱ ለውጥ ታያለህ» የሚል አዋቂ ካጋጠመህ ሒሳቡን አያውቅም።

ጥቁር አዝሙድ። ከቤታችን ቅመም ውስጥ ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው ይሄ ነው። ኢራን ውስጥ ለመውለድ የተቸገሩ 68 ወንዶች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ግማሾቹ የማስመሰያ ዘይት ለሁለት ወር ወሰዱ። መጠኑ 2.5 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለቴ ነበር፣ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ። የስፐርም ቁጥሩም እንቅስቃሴውም በዘይቱ ወገን ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ነው። አነስተኛ ጥናት ነው፣ ስንቶቹ እንደወለዱ አይነግርህም። ዓረብ አገር ያላችሁ «ሐበቱ ሶውዳ» የምትሉት ይኸው ነው። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ስኳርህንም ግፊትህንም አውርዶ እንዳይጥልህ ሐኪምህን ጠይቅ።

ጊዜዋ፣ ወይም ግዛዋ። እኛ ቡዳ ለማባረር የምናጨሳት ቅጠል ናት። አሁን ሱፐርማርኬት ውስጥ «አሽዋጋንዳ» ተብላ በውድ የምትሸጠው እሷው ነች። እኔ ይህን ሳውቅ ሳቅሁ፣ አያቴ ግቢ አጥር ሥር ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ስፐርማቸው አነስተኛ የሆነ 46 ወንዶች ተካፍለው፣ 21ዱ የሥሯን ጭማቂ 675 ሚሊ ግራም በቀን ለ90 ቀን ወሰዱ፣ ቁጥራቸው በአማካይ 167 ከመቶ ጨመረ። ቁጥሩ ዓይን ይስባል፣ ሃያ አንድ ሰው መሆኑን ግን አትርሳ። የተመዘነና የተጣራ የሥር ጭማቂ ነው የተሰጣቸው፣ አጥር ሥር ተነቅሎ የተወቀጠ አይደለም። ጉበት የጎዳችባቸው ሰዎችም ተመዝግበዋል። ዴንማርክ በ2023 ከነጭራሹ ከልክላታለች። የታይሮይድ ችግር ካለብህ አትቅረባት።

አብሽ። ማስረጃው ከቁጥር ይልቅ ወደ ፍላጎት ያጋድላል። ስኳር ያወርዳል፣ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድም አይመከርም። ካበዛኸው ላብህ ራሱ አብሽ አብሽ ይሸታል።

ዝንጅብል። ኢራን ውስጥ ተሞክሮ ቁጥሩንም እንቅስቃሴውንም አልጨመረም፣ በስፐርሙ ውስጥ ያለውን የዘረመል መሰባበር ግን ቀንሷል። ሻይህ ውስጥ ጨምረው፣ ተዓምር አትጠብቅ።

ፌጦ። የፔሩዋ ማካ ዘመድ ናት፣ አንድ ወገን ናቸው። ማካ ራሷ ውጤቷ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ነው። ፌጦ ደግሞ በእንስሳ ላይ ካልሆነ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም። ሺፈራውም እንደዚያው፣ አይጥ ላይ ጥሩ ነው።

ዚንክና ፎሊክ አሲድ የሚዋጥ እንክብልም አለ፣ ሰው «ቢያንስ ቫይታሚን ነው» ብሎ ይገዛል። አሜሪካ ውስጥ 2,370 ወንዶች ላይ ለስድስት ወር ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ወጣ። ስፐርሙ አልተሻሻለም፣ ልጅም አልጨመረም። ትንንሽ ጥናቶች ያሞገሱትን ትልቁ እንዲህ ያፈርሰዋል። ለዚህ ነው ከላይ በጻፍኳቸው ላይ እጄን የቆጠብኩት።

ልጅ ስትፈልግ የማትነካቸው

እንዶድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የእንዶድ ምርምራቸውን የጀመሩት። ያው ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳሙናማ ነገር ስፐርምንም ይገድላል፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ላብራቶሪ ውስጥ ታይቷል። ሲጠጣ ደግሞ መርዝ ነው። «ሆድ ያጥባል፣ ዘር ያጠራል» ብሎ የሚያጠጣህ ሰው ካለ ሮጠህ ውጣ።

የጥጥ ፍሬ። ቻይና ገጠር ውስጥ ያልተጣራ የጥጥ ፍሬ ዘይት የሚበሉ ሰዎች መውለድ አቃታቸው። ነገሩ ሲጠና ጎሲፖል የሚባል ንጥረ ነገር ሆኖ ተገኘ፣ ቻይናዎቹም የወንድ እርግዝና መከላከያ እናድርገው ብለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከ8,000 በላይ ወንዶች ላይ ሞከሩት። ሠራ። ችግሩ ሲያቆሙ ስፐርማቸው ያልተመለሰ ሰዎች መኖራቸው ነው፣ ፖታሲየማቸውም ይወርድ ነበር። በፋብሪካ የተጣራ ዘይት ይህ ይወጣለታል። ከመጭመቂያ ቤት በጀሪካን የተቀዳ ያልተጣራ ዘይት ግን ሌላ ነው።

የፓፓያ ፍሬ። ለአሜባና ለጥገኛ ትል ብለን የምናኝከው ጥቁሩ ፍሬ። የፍሬው ጭማቂ ለጦጣዎች ሲሰጥ በ90 ቀን ውስጥ ስፐርማቸው ጠፍቷል፣ ሲቆም ተመልሷል። አንዴ ለትል ማኘክ ሌላ ነው፣ ለሦስት ወር በየቀኑ ማንኪያ መዋጥ ግን ከዓላማህ ጋር ይጣላል። የፓፓያው ሥጋ ጦስ የለውም።

ኒም። ድሬዳዋ በየግቢው አለ፣ ለስኳርም ለወባም ቅጠሉን የሚጠጣ ብዙ ነው። በእንስሳ ላይ ዘር ይቀንሳል።

ጤና አዳም። ስሙን አይተህ እንዳትሸወድ። የቅርብ ዘመዱ ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ስፐርም ላይ ሲጨመር ባለበት ያደርቀዋል። ቡናህ ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ብታደርግ ምንም አትሆንም፣ ጨምቆ በብርጭቆ መጠጣት ግን ይቅር።

ጫት። ዕፅ አይደለም እንዴ ታዲያ? እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ የየመን ጥናት አዘውታሪዎቹ ከማይቅሙት ይልቅ የፈሳሹ መጠንም ቁጥሩም እንቅስቃሴውም ወርዶባቸዋል። ከሰዓት እየቃምክ ጠዋት የስፐርም መድኃኒት መጠጣት ቀዳዳ ባልዲ መሙላት ነው።

ካመንክበት እንዲህ ጠጣ

አንድ ብቻ። ሦስት ዓይነት ቀላቅለህ ከጠጣህ የረዳህም የጎዳህም የቱ እንደሆነ መቼም አታውቅም። ሙሉ ስሙን የምታውቀውን፣ ሳይፈጭ ዓይተህ የገዛኸውን ይሁን። ጥቁር አዝሙድ ከሆነ ፍሬውን ገዝተህ አስጨምቅ። የማታውቀው ሥር ከሆነ ቅጠሉንና አበባውን ጋዜጣ መሃል አድርቀህ አስቀምጥ፤ ተመራማሪዎች ዕፅ የሚያስለዩት አራት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። አንድ ነገር ቢደርስብህ ሐኪሙ የሚጠይቅህ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ጠጣህ?» ነው፣ እኔ መልስ አልነበረኝም።

በማንኪያ ለካ። «እፍኝ»፣ «ቁንጥር» መጠን አይደለም፣ የአንተና የእኔ እፍኝ ይለያያል። የጀመርክበትን ቀን ስልክህ ላይ ጻፍ፣ ዘጠና ቀን ቁጠር፣ በዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው የመታቀብ ቀን ብዛት ዘርህን እንደገና አስቆጥር። ከመጀመርህ በፊትና ከወር በኋላ የጉበት ምርመራ አድርግ። ዓይንህ ቢጫ ካለ፣ ሽንትህ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ በቀኝ ጎድንህ ሥር ከከበደህ ዛሬውኑ አቁምና ሆስፒታል ሂድ። ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ለፋርማሲስቱ ንገር፣ አይሳቅብህም።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝ ነገር። አዋቂው ዕፁን ሲሰጥህ ክልከላ ይሰጥሃል፣ አይደል? አልኮል የለም፣ ጫት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ በጊዜ መተኛት፣ ለተወሰነ ቀን አለመገናኘት። ሦስት ወር እንዲህ ስትከርም ቁጥርህ ቢጨምር ምስጋናውን ማን ይወስዳል? ሥሩ። እኔ ግን ግማሹ ድርሻ የክልከላው ይመስለኛል። በዚያ ላይ የስፐርም ቁጥር ከወር ወር በራሱ ይዋዥቃል፤ ትኩሳት ይዞህ በወደቀበት ሰሞን ተመርምረህ ከሆነ ምንም ሳትጠጣም በሦስት ወር ይመለሳል። ስለዚህ ብልጥ ሁን፣ ክልከላውን ብቻውን ለሦስት ወር ሞክረው። ሙቀትንም ጨምርበት፦ ቆለጥ ከሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ለዚህ ነው ውጭ የተንጠለጠለው። ዳቦ ቤት ምድጃ ፊት የምትውል፣ ረጅም መንገድ የምትነዳ፣ ላፕቶፕ ጭንህ ላይ የምትጭን፣ ሳውና የምታዘወትር ከሆንክ እሱን አስተካክል። ከዚያ ቁጠር። በቂ ካልሆነ ያኔ ዕፁን ጨምር። ያኔ ምን ምን እንደሠራ ታውቃለህ።

እናትህ ካመጣችልህስ? ይሄ ከሁሉ ይከብዳል። ፊቷ ላይ «አልጠጣም» አይባልም። እኔ ሳይንስ ላስረዳት ሞክሬ አኩርፋ ሁለት ሳምንት አልደወለችም። በኋላ የገባት በራሷ ቋንቋ ስነግራት ነው። «እማዬ፣ ሐኪሙ የሰጠኝ ነገር ክልክል አለው። ስድስት ወር ሌላ ነገር አፌ አይገባም» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ክልክል ካለውማ አታፍርስ» አለችና ተነሥታ ፕላስቲኩን ማጠቢያው ላይ ደፋችው፣ አጥባም ዘይት ሞላችበት። አሁን ስትደውል ስለ ሥሩ አታነሳም። «ቁጥሩ ስንት ገባ?» ነው የምትለኝ።